ተቀጣሪ ባለሙያ ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ያበረከተው ኮድ ባለመብቱ ማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ የተመሠረተ አጭር ትንተና

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚያድገው ብዙ ሰዎች በሚያበረክቷቸው፣ በተለምዶ «ፓች» በሚባሉ የማሻሻያ ኮዶች ነው። አበርካቹ ኮዱን ሲልክ ሌሎች በፕሮጀክቱ ፈቃድ መሠረት እንዲገለገሉበት ይፈቅዳል። ሆኖም መፍቀድ የሚችለው ባለመብቱ ብቻ ነው። ታዲያ ተቀጣሪ ባለሙያ በራሱ ስም የሚልከው ፓች በኢትዮጵያ ሕግ የእርሱ ነውን?

ጥያቄው በአገራችን ተጨባጭ መሠረት አለው። ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2 የተሰኘው የጤና መረጃ ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚበለጽግና በቢኤስዲ ፈቃድ የሚሰራጭ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም ያስተናግዳል። ለአብነት ያህል፣ ሆሳዕና በሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር፣ በሌሞ ወረዳ የጤና ሪፖርቶች ላይ የጳጉሜን ቀናት ስሌት የሚያቃና ኮድ ጽፎ ላከ እንበል።

በመጀመሪያ የሚታየው ኮዱ ጥበቃ የሚገባው መሆኑ ነው። አዋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይመድባል፤ ሥራው ወጥና ግዙፍነት ያገኘ እንዲሆንም ይጠይቃል። ስለዚህ አንዲት የፊደል ግድፈት ማረም መብት አያስገኝም። የግኑ ፕሮጀክት መመሪያ 15 መስመር ያህልን እንደ መለያ ይወስዳል፤ ይህ ግን የአሠራር ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

ኮዱ ጥበቃ የሚገባው ከሆነ ባለመብቱን የሚወስነው አንቀጽ 21 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት፣ ሥራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል አፈጻጸም የመነጨ እንደሆነ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለመብቱ አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ወገን ነው። ለሥራ አመንጪው የሚቀረው የሞራል መብቱ፣ በተለይም ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብቱ ነው። በመሆኑም ኮዱ የመምህሩ የሥራ ድርሻ አካል ከሆነ ፈቃድ ሰጪው ዩኒቨርሲቲው ነው። ያልተቀጠረ ተመራቂ ተማሪ ያንኑ ኮድ ቢጽፍ ግን መብቱ የራሱ ይሆናል።

ዓለም አቀፍ ፕሮጀክቶች ለዚህ ችግር ልዩ ልዩ መፍትሔ አበጅተዋል። የሊነክስ ከርነል ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አበርካቹ ኮዱን የማቅረብ መብት እንዳለው በፊርማው እንዲያረጋግጥ ያደርጋል። የአፓቺ የአበርካች ስምምነት አሠሪው በኮዱ ላይ መብት ካለው ፈቃዱ እንዲገኝ ይጠይቃል። ይሁንና ፊርማ የሌለን መብት አይፈጥርም፤ የአሠሪው ፈቃድ ካልተገኘ ክፍተቱ ኮዱን ተቀብለው ለሚገለገሉ ሁሉ ይተርፋል።

መፍትሔው በአንቀጽ 21 ውስጥ ይገኛል፦ ሕጉ ለተቃራኒ ስምምነት በር ከፍቷል። ዩኒቨርሲቲዎች በቅጥር ውል ወይም በአእምሯዊ ንብረት መመሪያቸው፣ መምህራን ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች የሚያበረክቱትን ኮድ በየፕሮጀክቱ ፈቃድ እንዲያቀርቡ አስቀድመው በጽሑፍ ቢፈቅዱ ጥርጣሬው ይወገዳል። ይህ ካልሆነ የአካባቢውን ችግር ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ባለሙያዎች ወይ ኮዳቸውን ይይዛሉ፣ ወይም የማይሰጡትን መብት ሰጥተናል ብለው ይፈርማሉ።