በማይዝግ ብረት ጭስ ማውጫ ላይ ስለሚታይ እድፍና ስለ አጠራረጉ

ሞተር ብስክሌት የሚነግድ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ገዢ ወደ መደብር ሲገባ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ጭስ ማውጫ ላይ ነው። መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት ይህ ዕቃ አድፎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ምንም ደኅና ቢሆን ዋጋው ይቀነሳል። ሻጩም ይህን ፈርቶ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ያነሣል፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ነው።

የማይዝግ ብረት የሚባለው ከመቶ 10.5 እጅ ያላነሰ ክሮም የተቀላቀለበት ነው። ክሮሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ይኸው ሽፋን ነው። ቢጫርም እንኳ ንጹሕ ሆኖ አየር ካገኘ ራሱን ያድሳል። ተራ የብረት ሽቦ ሲፈተግበት ግን ደቃቅ ብናኝ በጭረቱ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ዝናብ በመታው ጊዜ ብናኙ ይዝጋል፤ ገዢውም «አይዝግም ብላችሁ ሸጣችሁልኝ» እያለ ይመለሳል። ሻጩ አልዋሸም ነበር፤ ዕቃውን ያበላሸው አጠራረጉ ነው። እንዲህ ያለው ዝገት ኦክሳሊክ አሲድ ባለበት የማጽጃ ዱቄት፣ ጓንት አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ በማሸት ይለቃል፤ በኋላም በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

ወርቅማ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ቀለም ከእድፍ አይቆጠርም። በግለት ምክንያት ያ ስስ ሽፋን ወፍሮ ብርሃንን በልዩ ልዩ መልክ ስለሚመልስ የሚታይ ነው። በብረት ማወልወያ ቅባትና በለስላሳ ጨርቅ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቧንቧው ያንኑ ያህል በጋለ ጊዜ ይመለሳልና ይህን ለገዢ አስቀድሞ መንገር ከኋላ ክርክር ያድናል። ሰማያዊው በድንገት የበረታ እንደ ሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ መጋሉን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ካርቡራቶሩን ለመካኒክ ማሳየት ይገባል።

እውነተኛው እድፍ በላዩ የተጣበቀው ነው። በብዛት የሚያጋጥመው የቀለጠ የዝናብ ልብስ ነው። ሞተሩን ጥቂት አስነሥቶ ማጥፋትና ፕላስቲኩ ሲለሰልስ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ በእንጨት ስንጣሪ መላጥ ነው። ስስ ቅሪቱ፣ ቧንቧው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ፣ አሴቶን በነካ ጨርቅ ይሞከራል፤ አሴቶን ፈጥኖ የሚቀጣጠልና ቀለም የሚያስለቅቅ ስለ ሆነ ከቤንዚን ታንከሩ መራቅ አለበት። ሬንጅ ደግሞ በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ በላምባ ይለቃል። ከዚህ በኋላ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ በባዶ እጅም አለመንካት ነው፤ የጣት ቅባት ሞተሩ ሲነሣ ተቃጥሎ አሻራው ይቀራልና። በረኪና ግን ከቶ አይነካውም፤ በውስጡ ያለው ክሎሪን ሽፋኑን በልቶ ብረቱን ይበሳሳዋል።

አስመጪዎች ዕቃ ሲያዙ ብረቱ በሙሉ የማይዝግ ወይም በክሮም የተለበጠ ተራ ብረት መሆኑን ከነቁጥሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። በማግኔት መሞከር አይበቃም፦ ቁጥር 304 የተባለው ማግኔትን እምብዛም አይስብም፣ በጭስ ማውጫ ሥራ የተለመደው ቁጥር 409 ግን ይስባል፤ ሁለቱም የማይዝጉ ናቸው። ልባጥ የሆነውን ደጋግሞ በማወልወያ ማሸት ክሮሙን ያሳሳዋልና፣ ባለሱቁም ለሠራተኞቹ ሁለቱን ለይቶ ያሳያቸው።