ከኮልፌ እስከ አዲስ ዓለም፦ በምዕራቡ መንገድ የሚገኙ የታሪክና የተፈጥሮ ቅርሶች



አገርን መጎብኘት ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ሩቅ ይሄዳል። የአክሱምን፣ የላሊበላንና የጎንደርን ስም ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቃለን፤ በደጃፋችን ቆመን በየማለዳው የምናየውን ተራራ ግን ስሙን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። በፈረንሳይ አገር በብዙ ትናንሽ መንደሮች አሮጌው የጸሎት ቤት፣ ምንጩና የድንጋይ ድልድዩ ሳይቀሩ ታሪካቸው ተጽፎ፣ የእግር መንገዱም ምልክት ተደርጎበት ለጎብኚ ይቀርባል። ይህ የሆነው የእነርሱ ቅርስ ከእኛ ስለሚበልጥ አይደለም፤ የመንደሩ ሰው አስቀድሞ ራሱ ስለሚያውቀው ነው እንጂ።

በዚህ ጽሑፍ ከኮልፌ ተነሥተን በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ በመጓዝ፣ በአንድ ቀን ሊጎበኙ የሚችሉ ጥቂት ሥፍራዎችን እንመለከታለን። የጉዟችንም ጥያቄ ይህ ነው፦ ከእኛ በፊት የነበሩት ምን ተዉልን? እኛስ ለሚመጡት ምን እንተዋለን?

፩. መነሻችን ኮልፌ

ጉብኝት ከራስ ሠፈር ይጀምራል። ኮልፌን ብዙዎች የሚያውቋት በገበያዋ፣ በሸማኔዎቿና ከየአቅጣጫው በመጣው ሕዝቧ ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ታሪክም በዚህች ሠፈር አልፏል። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ኔልሰን ማንዴላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት ተቀብለዋል። ትምህርቱ ስድስት ወር እንዲፈጅ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድርጅታቸው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ጠራቸው። እንደ ተመለሱም ብዙ ሳይቆዩ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ፤ ከእስር የወጡትም በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነው።

ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው እንደ ገለጹት፣ ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ጥቂት ስንቅ ይዞ ረጅም መንገድ በእግር መጓዝ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለውን ደንና ደጋውን አገር ያዩትም በዚያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ ሰው በእግሩ ያወቀውን ምድር የኮልፌ ልጅ ሳያየው ማደጉ ሊያሳዝነን ይገባል።

፪. ገፈርሳ፦ የምንጠጣው ውኃ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ቡራዩን አልፈን ስንሄድ የገፈርሳን ግድብ እናገኛለን። ገፈርሳ ማለት በአፋን ኦሮሞ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ሥፍራ ጎሽ የለም፤ እንስሳው ሲሄድ ስሙ ቀርቷል። ስለዚህ የቦታን ስም መጠየቅ ታሪክን መጠየቅ ነው።

ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ ሲሆን፣ የተሠራውም በትንሹ አቃቂ ወንዝ የላይኛው ክፍል ነው። በውኃው ዳርቻ በሚገኘው ሣር ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያል። ይህን ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባን ነገር እዚህ አለ። ትንሹ አቃቂ ከላይ ሲነሣ ንጹሕ ነው፤ በከተማችን ምዕራባዊ ክፍል ካለፈ በኋላ ግን ቆሻሻና ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በላይ በኩል የምንጠጣው፣ በታች በኩል አፍንጫችንን ይዘን የምንሻገረው ወንዝ አንድ ነው። ይህን በመጽሐፍ ካነበበ ይልቅ በአንድ ቀን ሁለቱንም ሥፍራዎች በዓይኑ ያየ ወጣት አይረሳውም።

፫. ወጨጫና የመናገሻ ደን፦ የተዘራው ዘር

ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ስንመለከት የሚታየን ታላቅ ተራራ ወጨጫ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት እሳተ ገሞራው የጠፋ ተራራ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ነው። በአጠገቡ ያለው የመናገሻ ኮረብታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለበት ነው፤ ስሙም ነገሥታት ይነግሡበት እንደ ነበር ከሚነገረው ትውፊት ጋር የተያያዘ ነው።

በወጨጫ ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ወደ ደኑ ከሰበታ በኩልም ከሆለታ በኩልም መግባት ይቻላል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው ከሰሜን ሸዋ፣ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት። ከብዙ ዘመን በኋላም ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ አድርገዋል። በዚህም ምክንያት ደኑ በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል።

በደኑ ውስጥ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲሉም ኮሶና አስታ ይገኛሉ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል፤ ማለዳ የደረሰ ጎብኚ ጥቁር መልክ ያለውን የምኒልክ ድኩላ ሊያይ ይችላል። ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀንም በአገራችን ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው።

ጽድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዘሩን የዘራ ሰው በጥላው አይቀመጥም፤ ግንዱንም ለቤቱ ምሰሶ አያደርገውም። እንግዲህ ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ ያን ዘር በጭነት እንስሳ አምጥተው በቁፋሮ የቀበሩት ሰዎች ለማያዩት ትውልድ ሠርተዋል ማለት ነው። የእነርሱ ስም አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን ቆሟል።

ከቁምስናችን ወጣቶች ጋር በዚያ ሥፍራ በነበርንበት አንድ ቀን፣ በተራራው ግርጌ የጭራሮ ሸክም የተሸከሙ እናት አገኘን። ከወጣቶቹ አንዱ ሸክሙን ሊያግዛቸው ቀረበና መክበዱን ባየ ጊዜ፣ «እማማ፣ ይህን ሁሉ ከየት ነው የሚያመጡት? ዛፉ ሲያልቅስ ምን ይሆናሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «ልጄ፣ አንተ ዛፉን ልታይ መጣህ፤ እኔ ደግሞ የልጆቼን እራት ልፈልግ መጣሁ። ሁለታችንም ዛፉ ባይኖር አንመጣም ነበር» አሉት። ወጣቱ ዝም አለ። ስለ ደን ጥበቃ የምናስተምር ሁሉ ለእኒህ እናት የሚሆን መልስ ሳይኖረን ብናስተምር ትምህርታችን ጎዶሎ ነው።

፬. ሆለታን ስናልፍ

ሆለታ በወታደራዊ ትምህርት ቤቷ የታወቀች ከተማ ናት። ትምህርት ቤቱ በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማ፣ በ1927 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት ተከፈተ። ከዕጩ መኰንኖቹ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነቱ ደረሰባቸው፤ ከእነርሱም መካከል በምዕራብ ኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳ ስም በተቋቋመው የአርበኞች ጦር የተሰለፉ ነበሩ።

፭. አዲስ ዓለም፦ ዋና ከተማ ልትሆን የነበረች

ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን አዲስ ዓለም እንደርሳለን። ይህች ከተማ የምታስተምረን ነገር ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝቧ እየበዛ ሄደ። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ሁሉ ተቈረጠ። እንጨት ለማግኘት የሚኬደው መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት ረዘመ። በቀድሞው ልማድ የነገሥታት ከተማ እንጨት ሲያልቅባት ወደ ሌላ ሥፍራ ትዛወር ነበርና፣ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ ዓለም አዲስ ዋና ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሟንም አዲስ ዓለም አሏት። ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት የተሠራው መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው።

ነገር ግን አሳቡ ተለወጠ። በአዲስ አበባ ብዙ ሕንፃ ተሠርቶ፣ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችም ብዙ ወጪ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ከዚህም ሌላ ባሕር ዛፍ መጣ። ዘሩን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ያስመጡት ሞንዶን ቪዳዬ የተባሉ ፈረንሳዊ መሆናቸው ይነገራል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ያድጋል፤ ሲቈረጥም ከጉቶው ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው አዳራሽም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይኸውም ዛሬ በኮረብታው ላይ የምናየው የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በቅጥሩ ውስጥ የነገሥታት ንዋያት የሚታዩበት ቤተ መዘክር አለ።

ባሕር ዛፍ ከተማችንን ከመሰደድ አድኗል፤ ለብዙ ድሀ ቤተሰብም ምሰሶና ማገዶ ሆኗል። በአንጻሩ ብዙ ውኃ የሚጠጣና በሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም የማያስበቅል በመሆኑ የአገር በቀሉን ደን ቦታ ሊተካ አይችልም። የጽድና የባሕር ዛፍ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ፣ አንዱ ለዛሬ ችግር የተሰጠ ፈጣን መልስ፣ ሌላው ለነገ የተቀመጠ አደራ መሆኑ ይገባናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አደራውን በልቶ ለዕለቱ ብቻ መኖር ግን አይቻልም።

፮. ለጉብኝት አዘጋጆች ጥቂት ምክር

ሀ) ለጉብኝት ከመስከረም ማለቂያ እስከ የካቲት ያለው ወራት ይመረጣል። በመስከረም አደይ አበባ ተራራውን ያለብሰዋል፤ በክረምት ግን የደኑ መንገድ ጭቃ ነው።

ለ) ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች መጠየቅ፣ ደኑንም ለመጎብኘት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ይገባል።

ሐ) ወጨጫ ብርዳም ስለ ሆነ ልብስ መደረብና የሚጠጣ ውኃ መያዝ ያሻል። የያዝነውን ፌስታልና ጠርሙስ ይዘን እንመለስ።

መ) በመናገሻና በአዲስ ዓለም የምንገባባቸው አብያተ ክርስቲያናት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የጸሎት ቤቶች ናቸው። ጫማ አውልቀን፣ የቅጥሩን ሥርዓት ጠብቀን፣ አገልጋዮቹን አስፈቅደን እንግባ፤ ፎቶግራፍም ሳናስፈቅድ አናንሣ።

ሠ) የአካባቢውን ተወላጅ መሪ አድርጎ መውሰድና ተገቢውን ዋጋ መክፈል ሁለት ጥቅም አለው፤ እኛ እውነተኛውን ታሪክ እንሰማለን፣ እርሱም ደኑ ቆሞ በመኖሩ እንጀራ ያገኛል። ለእኒያ ጭራሮ ለተሸከሙት እናት ጥያቄም ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ይህ ነው።

ረ) በየቡድኑ አንድ ጸሓፊ ይመረጥ። የሰማውን የቦታ ስምና ትርጉም፣ የአረጋውያንን ቃልም ጽፎ ያስቀምጥ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምንኖርበት ቀበሌ ስሙን እንጂ ታሪኩን የማናውቀው ሥፍራ የትኛው ነው? ታሪኩንስ ከማን ልንጠይቅ እንችላለን?

2. ትንሹ አቃቂ በሠፈራችን ሲያልፍ የሚቆሽሸው በማን ሥራ ነው? የእኛ ድርሻ ምን ያህል ነው?

3. እኒያ እናት ለወጣቱ የሰጡት መልስ ምን ያስተምረናል? በእርሱ ቦታ ብንሆን ምን እንላቸው ነበር?

4. ፍሬውን ሳናይ ልንተክለው የሚገባን «ጽድ» በቤተሰባችንና በቁምስናችን ምንድን ነው?

ወደ ኮልፌ ስንመለስ ፀሐይ ከወጨጫ ጀርባ ትጠልቃለች። ተራራው ጠዋት ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም፤ እኛ ግን ስሙን አውቀን፣ በግርጌው የሚኖረውንም ሰው አይተን ተመልሰናል። ያወቁትን መውደድ፣ የወደዱትንም መጠበቅ ከዚህ ይጀምራል።