የኖራ ድንጋይ ዱቄት ምጣኔ እና የላይኛው ስስ ንብር፦ በከሰል ማዕድን ውስጥ የብናኝ ፍንዳታን ስለ መከላከል

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1906 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኩሪየር የድንጋይ ከሰል ማዕድን የደረሰው ፍንዳታ 1,099 ሰዎችን ገድሏል። እስከዚያ ዘመን ድረስ ብዙ ባለሙያዎች ዋነኛው ጠላት ሚቴን ጋዝ ነው፣ ብናኝ ብቻውን እሳትን በረጅም መተላለፊያ ሊያስኬድ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ኩሪየር ጋዝ የማይበዛበት ማዕድን ሆኖ ሳለ እሳቱ በርካታ ኪሎ ሜትሮችን ማዳረሱ ይህን እምነት አፈረሰው።

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የጥቂት ጋዝ መቀጣጠል ነው። ከነበልባሉ ቀድሞ የሚሮጠው የአየር ግፊት በወለልና በግድግዳ ላይ የተኛውን ብናኝ ያነሣል፤ ተከትሎ የሚደርሰው ነበልባልም የተነሣውን ያቀጣጥላል፤ ይህም አዲስ ግፊት ይፈጥራል። መከላከያውም ከዚሁ ሂደት ይመነጫል፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከከሰሉ ጋር አብሮ ሲነሣ ሙቀቱን ይመጥጣል፣ ነበልባሉንም ያከስማል።

በአሜሪካ የሕጉ መለኪያ በድብልቁ ውስጥ ያለው የማይቃጠል ክፍል ድርሻ ነው። ንጹሕ አየር በሚገባባቸው መተላለፊያዎች 65 በመቶ ይበቃል ተብሎ ለረጅም ዘመን ከተሠራበት በኋላ፣ 29 ሠራተኞች በሞቱበት የአፐር ቢግ ብራንች ፍንዳታ ዓመት፣ በ2010፣ ወደ 80 በመቶ ከፍ ተደርጓል። የዘመኑ መቁረጫ ማሽኖች የሚያወጡት ብናኝ ከቀድሞው ይልቅ ደቃቅ ነው፤ ብናኝ በደቀቀ መጠን ከኦክስጅን ጋር የሚገናኝበት ገጽ ስለሚሰፋ፣ ለማክሰም የሚያስፈልገው ዱቄትም ይጨምራል።

ይሁን እንጂ የመቶኛው ቁጥር ብቻውን ሊያታልል ይችላል። በአሜሪካ በተደረጉ የማዕድን ውስጥ ሙከራዎች፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የኖራ ዱቄት ላይ ያረፈ የ0.12 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ያህል የከሰል ብናኝ ፍንዳታን ሊያስተላልፍ ችሏል። ከሰሉ በውፍረት ሲሰላ ከመቶ 1 እጅ እንኳ አይሞላም! የንብሩ ሙሉ ጥልቀት ታፍሶና ተደባልቆ ቢመረመር ውጤቱ ከሕጉ በላይ ይሆናል፤ ግፊቱ ግን በቅድሚያ የሚያነሣው የላይኛውን ገጽ ነው። ስለዚህ ናሙናው ከላይኛው ስስ ንብር ለብቻው መወሰድ፣ ዱቄቱም አንዴ ተበትኖ የሚተው ሳይሆን ብናኙ በሚያርፍበት ፍጥነት ልክ መታደስ አለበት። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርጥበት ነው፤ ረጥቦ የደረቀ የኖራ ዱቄት ስለሚጋገር፣ መቶኛው ቢሟላም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ከወለሉ አይነሣም።