የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነቶችና የማኅፀን በር ጤና፦ ቂርቆስና ካዛንቺስ

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች.ፒ.ቪ.) መሆኑን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቫይረሱ ከ200 በላይ ዓይነቶች ሲኖሩት ለካንሰር የሚዳርጉት 14 ያህሉ ናቸው፤ ዓይነት 16ና 18 ብቻ በዓለም ከሚከሰተው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያስከትላሉ።

ስለሆነም ቫይረሱ የተገኘባቸውን ሴቶች ቁጥር ብቻ መግለጽ ብዙ አይረዳም። አብዛኛው ኢንፌክሽን በሁለት ዓመት ውስጥ በሰውነት የመከላከል ኃይል ይጠፋል፤ አደጋው ያለው ሳይጠፋ በሚቆየው ላይ ነው። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ለዚህ ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ይደርሳል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በአገሪቱ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። ከእንዲህ ያለ ክሊኒክ የሚወሰድ ናሙና ከቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ከሚወሰደው ይልቅ ከፍ ያለ ስርጭትና በአንዲት ሴት ላይ የተደራረቡ ዓይነቶችን ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱንም «የቂርቆስ ስርጭት» ብሎ መጥራት አንባቢን ያሳስታል።

በጤና ጣቢያዎች የተለመደው ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚደረገው ነው። የማኅፀን በር በተበረዘ አሴቲክ አሲድ ይቀባና የነጣ ቦታ መኖሩ በዓይን ይታያል። ርካሽ ነው፣ በዚያው ቀን ማከምም ያስችላል፤ የቫይረሱን ዓይነት ግን አይናገርም።

ዓይነቱን ማወቅ ለክትባቱም ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ዓይነት 6፣ 11፣ 16ና 18ን ይከላከላል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዘመቻው ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ ተዳርሷል። በአፍሪካ ከሌላው ዓለም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ዓይነት 35 ግን ዘጠኝ ዓይነቶችን በሚከላከለው ክትባት ውስጥ እንኳ የለም። የእነዚህ ልጃገረዶች እናቶች ደግሞ ክትባቱ አልደረሳቸውም፤ ያላቸው መከላከያ ምርመራው ብቻ ነው።

ካዛንቺስ (ስሙ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራው የመኖሪያ ቤት ድርጅት የመጣ ነው) በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። የቅድመ ካንሰር ለውጥ ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ የመከላከል ኃይሏ በተዳከመ ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። በካዛንቺስ የተመረመረች ሴት የክትትል ቀጠሮዋ ሲደርስ መዝገቧ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ መኖሪያዋ በሌላ የከተማዋ ጫፍ ሊሆን ነው። በዚህ አካባቢ የሚካሄድ ጥናት የቀበሌ አድራሻን ብቻ ሳይሆን ከሴትዮዋ ጋር የሚጓዝ የምርመራ ካርድና ስልክ ቁጥርን መያዝ፣ እርሷ ራሷ ናሙና የምትወስድበትን ዘዴም መጠቀም ይኖርበታል።