ጀናዛውን ማን ያጥበው?



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ በጁምዐችን አንድ ሰው እናስታውስ። አብዱልሰታር ኢድሂ ይባላል፤ የካራቺ፣ ፓኪስታን ሰው ነው። ወደ አኼራ የሄደው እ.ኤ.አ ጁላይ 8 ቀን 2016፣ ልክ እንደ ዛሬው በዕለተ ጁምዐ ነበር።

ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ሲሄድ እናቱ ሁለት ሳንቲም ትሰጠው ነበር። አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለተቸገረ ሰው። አስራ አንድ ዓመት ሲሆነው እናቱ ሽባ ሆነች። ያጎርሳት፣ ገላዋን ያጥባት፣ ልብሷን ይቀይርላት የነበረው እሱ ነው፤ እስክትሞት ድረስ። ልብ በሉ! ሰውየው ኸይር ሥራ የጀመረው ሀብት ካገኘ በኋላ አይደለም። የጀመረው ከእናቱ አልጋ አጠገብ ነው።

በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ቤተሰቡ ወደ ካራቺ ተሰደደ። በ1951 አንዲት ትንሽ የመድኃኒት መስጫ ከፈተ። በ1957 ከተማዋን ኢንፍሉዌንዛ ሲመታት ድንኳን ተክሎ በሽተኞችን አሳከመ። ሥራውን ያዩ ሰዎች ሰደቃ ሰጡት፤ አሮጌ መኪና ገዝቶ አምቡላንስ አደረጋት፤ ሾፌሩም ራሱ ነበር። ያቺ አንዲት መኪና ቆይታ አገር ያዳረሰ የአምቡላንስ አገልግሎት ወለደች።

እኔን ግን ከአምቡላንሱ ይበልጥ የሚነካኝ ሌላ ነገር ነው። ውሃ የበላው፣ መንገድ ላይ የወደቀ፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው ሬሳ ሲገኝ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እሱ ቀርቦ ያነሳ ነበር። በእጁ አጥቦ፣ ከፍኖ ይቀብር ነበር።

ጀናዛን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርድ ኪፋያ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ይነሳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን የቻለ ሁሉ ወንጀለኛ ይሆናል። እኛ ግን «ኪፋያ» የሚለውን «ሌላ ሰው ይሠራዋል» ብለን ተረጎምነው። ኢድሂ «ማንም ከሌለ እኔ አለሁ» ብሎ ኖረበት።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ። መድረሳ የጀናዛን ምዕራፍ በቃሌ ይዤ ነበር። አንድ ቀን የሰፈራችን አባት «ና ውሃ ያዝልኝ» ሲሉኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያኔ ዒልሜ ከምላሴ ወደ እጄ እንዳልወረደ አወቅኩ። ዛሬም በየመስጂዱ ጀናዛ የሚያጥቡት አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው። እነሱ ሲሄዱ ማን ያጥባቸዋል?

እህቴ ሆይ፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል። የሴት ጀናዛ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው። የኢድሂ ባለቤት ቢልቂስም ነርስ ነበረች። በማዕከሎቻቸው በር ላይ የልጅ አልጋ አስቀምጠው፣ የሚጣሉ ጨቅላዎችን ተቀብለው አሳድገዋል። እሷም እ.ኤ.አ በ2022 አልፋለች።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ ነግረውናል፤ አንዱ ቀጣይ ሰደቃ ነው። ቀጣይ ሰደቃ የግድ ሕንፃ ማቆም አይደለም። ለሌላው የምታስተምረው መልካም ሥራም አንተ ከሄድክ በኋላ ይቀጥላል።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችን ይህ ነው፦ ከዛሬ ሰላት በኋላ ጀናዛ የሚያጥቡትን አባት ወይም እናት ፈልጉና «አስተምሩኝ» በሏቸው። ከኪሳችሁም ሁለት ሳንቲም ካለ አንዱ የእናንተ አይደለም።

ኢድሂ የተቀበረው ከዓመታት በፊት ራሱ ባዘጋጀው ቀብር ነው። የውስጡን የሚያውቀው አላህ ነው፤ እኛ ያየነውን መልካም እንመሰክራለን። አላህ ይዘንለት፣ ጉድለቱን ይማረው። እኛንም ሰው ከሸሸው ኸይር ከማይሸሹት ያድርገን። አሚን።

ጁምዐ ሙባረክ!