የኦርኪድ ነጭ ዝንብ በምን ይለያል?

ነጭ ዝንብ የሚባለው ተባይ ስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ ከዝንብ ወገን አይደለም። ዝንብ ሁለት ክንፍ ሲኖረው እርሱ አራት አለው፤ ዘመዱም የተክል ጭማቂ የሚመጠው ክሽክሽ ነው። በዓለም ላይ ከ1500 በላይ ዝርያዎች ስለሚታወቁ፣ «ነጭ ዝንብ ነው» ማለት ብቻ መለየት አይባልም። በሞቃት አገር በሚያድግ ኦርኪድ ላይ ሲገኝ ዝርያው እንዴት እንደሚታወቅ ባጭሩ እንመልከት።

በቅጠሉ ሥር ነጭ ሰም ብናይ በቅድሚያ ቅጠሉን ነቅነቅ እናድርገው። ሰም የሚያወጡ ሌሎች ተባዮችም አሉና፣ ጥቃቅን ነጭ ክንፋሞች ብር ብለው ከተነሡ ነጭ ዝንብ መሆኑን እንጠረጥራለን። ሆኖም ክንፍ ያወጡት እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ሊቃውንት በይበልጥ የሚመረምሩት የመጨረሻውን እጭ፣ ማለት ሙሽሬውን ነው። ተባዩ ወጥቶ ከበረረ በኋላም ባዶው ቅርፊት በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ለዚሁ ያገለግላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ቅርፊቱ በጥንቃቄ ይነሣል፤ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይሞቃል፤ ሰሙ ከተወገደ በኋላ በመስተዋት ላይ ሁኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጀርባው መጨረሻ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ይኸውም ክዳንና ምላስ የመሰለ አካል አለው። የነዚህ ቅርጽና ሰም የሚያወጡት የጀርባ ቀዳዳዎች ዝርያን ከዝርያ ይለያሉ።

ለምሳሌ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የተሰየመው አሌውሮዲከስ ዲስፐርሰስ እንቁላሉን እየዞረ በቀለበት መልክ ይጥላል። ይሁን እንጂ በ2004 ከቤሊዝ የተገለጸው፣ በ2009 ፍሎሪዳ ላይ የታየው አሌውሮዲከስ ሩጂኦፔርኩላተስም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ቀለበቱ ብቻ አይበቃም፤ የሁለተኛው ክዳን የተጨማደደ ነው፤ የላቲን ስሙም ይኸንኑ ያመለክታል።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። የአንዱ ዝርያ ሙሽሬ በለስላሳ ቅጠልና በጠጉራም ቅጠል ላይ መልኩ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቅርፊቶችን መሰብሰብና የተክሉን ስም አብሮ መጻፍ ይገባናል።

ይህ ሁሉ ድካም ለስም ብቻ አይደለም። ዲስፐርሰስ በ1978 ሃዋይ በገባ ጊዜ የተገታው በጠላቶቹ፣ ማለት በእጩ ውስጥ እንቁላል በሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦችና በሚበሉት ጥንዚዛዎች ነው። እንዲህ ያሉ ተርቦች ግን ሁሉንም ነጭ ዝንብ አያጠቁም። ስሙን የሳተ ሰው የሌላውን ጠላት ያመጣል፤ ተባዩም በኦርኪዱ ላይ እንደ ልቡ ይራባል።