በኤሊ ላይ ድንበር የተሻገረ መዥገር

በኡራንና በሶሎሎ ሜዳ ኤሊ ማየት ብርቅ አይደለም። እግሩ ሥርና አንገቱ እጥፋት ላይ መዥገር ተጣብቆበት ያየ እረኛም ብዙ ነው። ይህ ተራ ነገር ግን በአሜሪካ የአንድ ንግድ በር ዘግቷል።

ከዛምቢያ ወደ ፍሎሪዳ በገቡ ነብርማ ኤሊዎች ላይ የተለቀሙ መዥገሮች ሲመረመሩ የሃርትዎተር በሽታ ጀርም ተገኘባቸው። በማርች 2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሦስት የአፍሪካ የየብስ ኤሊ ዝርያዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ኤሊዎቹ የተገዙት በቤት እንዲያድጉ ነበር፤ የተፈራው ግን ለከብቱ ነው።

ይህ በሽታ በእኛ አካባቢ የቆየ ነው። ከብትን፣ በግንና ፍየልን ይይዛል፤ ከፍተኛ ትኩሳት፣ መዞርና መንዘፍዘፍ ያመጣል፤ በልብ ዙሪያም ውሃ ይቋጥራል። የአገሬው ከብት ሲለምደው ጤነኛ መስሎ ጀርሙን ይዞ ይጓዛል። መዥገሩ ወደሌለበት አገር የተወለደ ወይም የውጭ ዝርያ የሆነ ከብት ሲያገኘው ግን ይሞታል።

የሚያስተላልፈው መዥገር ትልቅና ጀርባው ያሸበረቀ ነው። በዕድሜው ሦስት ጊዜ ደም ይጠጣል፤ በየመሃሉ መሬት ወርዶ ሌላ እንስሳ ይጠብቃል። ከታመመው የጠጣው፣ ካደገ በኋላ ጤነኛውን ይበክላል። ስለዚህ ከጭነት መኪናችሁ የወደቀ መዥገር የሚቀጥለውን ጭነት ይጠብቃል ማለት ነው።

ከመጫናችሁ በፊት፦

1. ጡትና ቆለጥ ዙሪያ፣ ብብት፣ ጅራት ሥርና ጆሮ ፈትሹ። የበግና የፍየል ሰኮና መሃልም አይዘለል።
2. የመዥገር መድኃኒት ከጉዞው ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ በጠርሙሱ በተጻፈው ልክ አድርጉ። ስታቀጥኑት መዥገሩ ይለምደዋል።
3. ለዕርድ የሚሄድ ከሆነ ከመድኃኒቱ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።
4. ካወረዳችሁ በኋላ መኪናውን ጠርጋችሁ እጠቡ፤ የተጠረገውን አቃጥሉ።
5. ትኩሳት ወይም መንገዳገድ ካያችሁ አትጠብቁ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚያድነው በጊዜ ሲሰጥ ነው።

ሰው ኤሊ ይዞ «ከከብቱ ጋር ጫንልኝ» ቢላችሁ እምቢ በሉ። ነብርማ ኤሊ በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት የተመዘገበ በመሆኑ ያለፈቃድ ማሻገር ያስከስሳል። የኤሊው ዋጋ ጥቂት ነው፤ ኬላ ላይ የሚያዘው ግን ሙሉ መኪና ከብት ነው።